በአባዬ ሙት ዓመት ሁለት ካሜራ ተከልኩ

ጎበዝ፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ከባለቤቱ ስሙት።

ነገ ጠዋት ወሬው ሰቆጣ መናኸሪያ መድረሱ አይቀርም። ከዚያ የወልድያን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። የባጃጅ ሹፌሮቹማ እስካሁን ጨምረውበት ይሆናል። ስለዚህ ሳይጣመም በፊት እኔው ልናገረው ብዬ ተቀመጥኩ።

በአባቴ ሙት ዓመት ላይ ተዋረድኩ።

በራሴ አፍ! በራሴ ካሜራ! ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ካህናት፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ይሄን ፔጅ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሰቆጣ ውስጥ ቪዲዮ እየቀረጽኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ እቀርጻለሁ። (ስብሰባውን መልሶ ያየው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ግን ይቀረጻል።) በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እዚህ ፌስቡክ ላይ ስለ ካሜራ እጽፋለሁ። አንዳንዶቻችሁ "ኤክስፐርቱ" ትሉኛላችሁ። ስትሉኝ ደስ ብሎኝ ዝም እላለሁ።

ሰሞኑን ኢንቦክሴን ያጨናነቀው አንድ ጥያቄ ነው። "ለቪዲዮ ሥራ የትኛውን ሚረርለስ ካሜራ እንግዛ? ሪዞሉሽኑ ከፍ ያለውን ወይስ ጨለማ ላይ የሚጎብዘውን?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔም ራሴ አልቆረጠልኝም ነበር።

ለአዲሶች ባጭሩ ላስረዳ። የእኔ ካሜራ ሪዞሉሽኑ ከፍተኛ ነው። ሰው ቀርጻችሁ ምስሉን ብታሰፉት፣ ብታሰፉት፣ የነጠላው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይታያችኋል። ሌላው፣ ወልድያ ያለ ጓደኛዬ ያዋሰኝ፣ ሜጋፒክስሉ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሻማ ብቻ በበራበት ቤት እንኳ የሰው ፊት አጥርቶ ያወጣል። የእኔው ጨለማ ሲያይ ምስሉ ላይ አሸዋ የበተኑበት ይመስላል።

ሌንሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰፊው ሌንስ ዳሱን በሙሉ ያስገባላችኋል፣ ግን ዳር የተቀመጠውን ሰው ፊቱን ያጣምመዋል። ረጅሙ ከሩቅ ፊት ያመጣል፣ ግን እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ነገር ይናወጣል። መካከለኛው ሰውየውን አጥርቶ ከኋላው ያለውን ያደበዝዛል። ደንበኛ ሁሉ "ፊልም ይመስላል" ብሎ የሚወደው ይሄንን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ፣ በአንድ ብርሃን መሞከር ነበረብኝ። ብዙ ሰው ያለበት፣ ፀሐይና ጥላ የሚቀላቀልበት፣ ነጭ ልብስና ጥቁር ልብስ አጠገብ ላጠገብ የሚቀመጥበት ቦታ ፈለግኩ።

የት እንዳገኘሁት ገምታችኋል።

አዎ። የአባዬ ሙት ዓመት ላይ።

አሁኑኑ አትስደቡኝ! ስድባችሁን አጠራቅሙት፤ ገና ምኑ ተነካና።

እማዬን "ለማስታወሻ ልቅረጸው" አልኳት። መቼም ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ እናንተ ናችሁ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። "አባትህ ካሜራ ይወድ ነበር እንዴ?" አለችኝ። አይወድም ነበር። "እንግዲያው ከዳር ሆነህ" ብላ ተወችኝ።

ከዳር አልሆንኩም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎ ሰዉ ወደ እኛ ቤት መጣ። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ካህናቱ ከላይ፣ ሽማግሌዎቹ ከእነሱ ቀጥለው፣ ከደሃናና ከዝቋላ ወረዳዎች የመጡት ዘመዶች በየወገናቸው ተቀመጡ። ሴቶቹ ከእማዬ ጋር ቤት ውስጥ ናቸው።

እኔ የሟች ልጅ ነኝ። በእኛ አገር የሟች ልጅ በዚያ ቀን አይቀመጥም። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ ሰው ያሳልፋል፤ እንጀራ ያቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ "ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ" ይላል። የመጨረሻው እንግዳ ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ ከዳሱ አይለይም።

እኔ ምን አደረግኩ? እህቴን ውብነሽን "አንቺ አሳልፊ፣ እኔ ሥራ አለብኝ" ብዬ ዳሱ አፍ ላይ ሁለት ባለ ሦስት እግር ትራይፖድ ተከልኩ።

ሁለት!

ጠላ የሚያመላልሱት ሁሉ በትራይፖዶቹ እግር ይደናቀፋሉ። የንስሐ አባታችን ሽማግሌው ቄስ ትራይፖዶቹን ትክ ብለው አዩና "ልጄ፣ በዚህ በኩል መንገድ ሊቀየስ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"አይ አባ፣ ካሜራ ነው።"

"ታዲያ ለምን ሁለት?"

"ለማወዳደር ነው አባ።"

"ምኑን ከምኑ?" አሉኝ።

ከዚያም እሳቸው ወደ ጸሎታቸው፣ እኔ ወደ ስክሪኔ ተመለስን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዴ እገባለሁ። ሁለቱም ካሜራዎች የሰው ፊት ይለያሉ። ሰው ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በትንሽ ነጭ ሳጥን ይከቡታል፤ ፎከሱም ያንን ሳጥን ይከተላል። የእኔው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችሎታ አለው። የአንድን ሰው ፊት አስቀድማችሁ ብትመዘግቡለት ያንን ሰው ከመቶ ሰው መካከል ለይቶ ይከተለዋል። ያን ጊዜ ሳጥኑ ነጭ መሆኑ ይቀርና ወይን ጠጅ ቀለም ይሆናል። "ይሄን ሰው አውቀዋለሁ" ማለቱ ነው።

ለሠርግ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! እኔ ግን ሠርግ ላይ ተጠቅሜበት አላውቅም። የእኛ አገር ሙሽራ ተሸፍና ነው የምትመጣው፤ ካሜራው የተሸፈነ ፊት ከየት አምጥቶ ይመዘግባል? ስለዚህ ይህ ነገር መኖሩንም ረስቼው ነበር።

እናላችሁ፣ ካሜራዎቹን አስነሥቼ በመቅረጽ ላይ ነኝ። ሰው ያልፋል፣ ነጭ ሳጥን። ሌላ ሰው ያልፋል፣ ነጭ ሳጥን።

ከዚያ ውሃ በጀሪካን የተሸከመ ሰው በፊቴ አለፈ።

ወይን ጠጅ!

ሰውየው ኪሮስ ይባላል። የደሃና ገበሬ ነው። በገበያ ቀን ሰቆጣ ሲመጣ ቤታችን ጎራ ይላል። አባዬ በሕይወት ሳለ ገብስ ያመጣለት ነበር። አባዬ በር ላይ ወጥቶ ይቀበለዋል፣ እዚያው ቆመው ትንሽ ይነጋገራሉ፣ ሰውየው ይሄዳል። ወደ ቤት ገብቶ አያውቅም። አባዬ ካረፈ በኋላም መምጣቱን አልተወም። እንጨት ይፈልጥልናል፣ ንፋስ ያነሣውን ቆርቆሮ ይመታልናል፣ ደጅ ላይ ቆሞ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። አባዬ የከብት ሐኪም ስለነበር ደሃና ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ይሄም ካከመላቸው ሰዎች የአንዱ ልጅ ይሆናል ብዬ ነበር።

እውነቱን ልናገር? ይህንንም ያህል አስቤበት አላውቅም።

"ማንን መዝግቤ ነው?" ብዬ ቀረጻውን አቆምኩና ሜኑውን ከፈትኩ። የተመዘገበው ፊት አንድ ብቻ ነው። የቴምብር ያህል ትንሽ ምስል።

አባዬ ነበር።

ካሜራውን የገዛሁ ዕለት የሞከርኩበት ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ መፋቂያ በአፉ፣ "ይሄን ነገር ከፊቴ አንሣልኝ" እያለኝ። ግንባሩን ቋጥሯል፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ነው። ዓመት ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ካሜራውን አንግቤ ከሠርግ ሠርግ ስዞር አባቴ አብሮኝ ይዞር ነበር፤ አላወቅኩም።

ዞር ብዬ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። ናፈቀኝ፣ ምን ልበላችሁ። እዚህ ላይ ካሜራውን ዘግቼ ጠላ ለመቅዳት ብሄድ ኖሮ ዛሬ የምታነቡት ፖስት ላይክ የሚዘንብበት ፖስት ይሆን ነበር።

አልዘጋሁም።

ኤክስፐርት ነኛ! ኪሮስ በተመላለሰ ቁጥር መሞከር ጀመርኩ። በመካከለኛው ሌንስ፣ ወይን ጠጅ። ሌንስ ቀየርኩ፣ በረጅሙም ወይን ጠጅ። ጎኑን ሲሰጥ ሳጥኑ ነጭ ይሆናል፤ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር መልሶ ወይን ጠጅ። የአባዬ ታላቅ ወንድም አያ ዝናቡ በካሜራው ፊት አለፉ። ነጭ! የአንድ እናት ልጅ፣ ነጭ!

በመጨረሻ ስክሪኑን ገልብጬ እኔው ራሴ ሌንሱ ፊት ቆምኩ።

ነጭ።

ትንሽ ከፋኝ፣ አልደብቃችሁም። እማዬን ነው የምትመስለው ይሉኛል። ቢሆንም ከፋኝ።

ታዲያ እኔ፣ የእናንተው ኤክስፐርት፣ ምን ብዬ ደመደምኩ? "ካሜራው የእኛን ሰው ፊት መለየት አይችልም" ብዬ! ጃፓኖቹ የዋግን ሰው ሳያጠኑ ነው የሠሩት ብዬ! ለእናንተ የምጽፈውን ትንታኔ እዚያው ቆሜ በልቤ ጀመርኩት። ርዕሱን ሳይቀር አውጥቼለት ነበር።

ይሄኔ አያ ዝናቡ ከሽማግሌዎቹ መካከል ሆነው ጠሩኝ። ብቻዬን ከሁለት ማሽን ጋር ስታገል አይተው አዝነውልኝ ነው። "እህ፣ የኔ ልጅ፣ የትኛው በለጠ?" አሉኝ።

አያ ዝናቡ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ ጮኽኩ።

"ይሄኛው ጅል ነው አያ! ያንን ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ አባዬ ነው ይላል! ነፍሱን ይማረውና አባዬን ጀሪካን አሸከመው!"

ሳቅኩም። ስክሪኑንም ወደ ሽማግሌዎቹ አዞርኩላቸው።

ማንም አልሳቀም።

ቀልዱ ያልገባቸው መሰለኝ። ስለዚህ፣ ፈጣሪ ያሳያችሁ፣ ደገምኩት! በደንብ እንዲሰማ አድርጌ!

የሚጎርሰው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ውብነሽ የጠላ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቆመች፤ ጠላው ከጣሳው ሞልቶ የአንዱን ሽማግሌ እግር አራሰ፤ ሽማግሌውም እግራቸውን አልሰበሰቡም። ከዝቋላ የመጡት ዘመዶቻችን ዝቅ ባለ ድምፅ በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገውኛ፣ ተነጋገሩ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ኽምጣንጋዬ ከገበያ አያልፍም። ይሄኛው ግን ገባኝ።

"እስከ ዛሬ አልነገሩትም እንዴ?" ነው ያሉት።

ቄሱ አንገታቸውን እንደደፉ "ልጄ፣ ዝጋው" አሉኝ።

ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። አያ ዝናቡ ክንዴን ጎተቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩልኝ። ጆሮው የከበደ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዳሱ በሙሉ ሰማ። ከአጥሩ ውጪ ያለ ሰውም ሳይሰማ አይቀርም።

"ዝም በል አንተ! ልጁ ነው! የአባትህ ልጅ ነው!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አያ ዝናቡ እንደነገሩኝ፣ አባዬ ገና ወጣት ሳለ ከብት ለመከተብ ደሃና ከርሞ ነበር። ኪሮስ የዚያን ጊዜ ልጅ ነው። ኋላ እማዬን ሲያጭ የእሷ ወገን ሽማግሌዎች "ልጅ አለህ ወይ?" ብለው ጠየቁት። "የለኝም" አለ። ለምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ሽማግሌ ፊት የለኝም ካለ በኋላ ደግሞ ተመልሶ አለኝ ማለት አቃተው። የሰሙትም፣ የሚያውቁትም የእሱን ቃል ላለማፍረስ ዝም አሉ። ዝምታው እኔ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ ነው።

እኔ ነኝ በአንድ ቀልድ ያፈረስኩት። ለዚያውም በሙት ዓመቱ። ለዚያውም ሁለቴ!

ያን ጊዜ ኪሮስን አየሁት። በሌንስ ሳይሆን በዓይኔ። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ ቆሟል። ግንባሩን ቋጥሯል። የታችኛውን ከንፈሩን ወደ ውስጥ ነክሷል። አባዬ ሲያፍር እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እንጨት ስንት ጊዜ ፈልጦልኛል፤ አንድም ቀን ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። የነጠላ ክር የሚያሳይ ካሜራ ይዤ!

ኪሮስ አጥሩ ላይ የሰቀለውን ጋቢና ዱላውን አነሣ። ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ "ልሂድ እንግዲህ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አለ።

አሁን ከወጣ እንደማይመለስ ሁላችንም አውቀናል። ባላጠፋው ጥፋት አፍሮ ነው የሚሄደው። አባዬ በር ላይ ያስቀረውን ሰው እኔ ከነጭራሹ ላባርረው ነው። "ቆይ" ልለው ፈለግኩ። ፌስቡክ ላይ ስለ አንድ ሌንስ ገጽ ሙሉ የምጽፈው ሰውዬ አንዲት ቃል አጣሁ።

ይሄኔ እማዬ ከቤት ወጣች።

ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባለች። ሰምታለች። ቀልዴንም ሰምታለች፣ የአያ ዝናቡን ሹክሹክታም ሰምታለች። ባሏ ሽማግሌዎቿን እንደዋሸ በሰው ፊት ሲነገር ሰምታለች። ለእኔ አልፈራሁም፤ ለእሷ ነው የፈራሁት።

በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። "አሳየኝ" አለች።

"እማዬ፣ ተይው..."

"አሳየኝ አልኩህ።"

በመጀመሪያ ያችን ትንሽ የአባዬን ፊት ከፈትኩላት። ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። "መፋቂያውን እንኳ ከአፉ አላወጣም" አለች። ድምጿ ተሰበረ።

ከዚያ ሌንሱን ወደ አጥሩ በር አዞርኩላት። ኪሮስ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዞር ሲል ሳጥኑ ወይን ጠጅ ሆነ። እማዬ ስክሪኑን አየች። ቀጥላ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው።

"ዓመት ሙሉ እንጨት ሲፈልጥልኝ ፊቱን አላየሁትም" አለች። "አውቄ ነው ያላየሁት።"

ክው አልኩ። "ታውቂ ነበር?"

"ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በሳምንቱ ነው የነገሩኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እሱ እስኪነግረኝ ስጠብቅ" አለች።

የትዳር ዘመኗን በሙሉ ጠብቃለች። አባዬ አልነገራትም፤ ሞተ። አባዬን እወደዋለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ግን ተናደድኩበት፤ ከሞተ ወዲህ ገና የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ ካሜራውን አቀበለችኝና ወደ አጥሩ በር ተጣራች።

"ኪሮስ!"

በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እሱም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"አቤት እሜቴ" አለ።

"የት ነው የምትሄደው? እንግዳው ሳይነሣ የሟች ልጅ ጥሎ ይሄዳል እንዴ?"

ወገኖቼ፣ ይሄን የተናገረችው በሰላማዊ ድምፅ ነው። ለጎረቤት ልጅ እንደምትናገረው። ዳሱ ውስጥ ግን አንዱ ሽማግሌ "እሰይ" ሲል ሰማሁ፤ ከቤት ውስጥ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ኪሮስ አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን የሙጥኝ ብሎ ይዞ ቆመ። "እሜቴ፣ እኔ እንኳ ውሃ ላቀብል ብዬ ነው የመጣሁ። ሌላ አልፈለግሁም" አለ።

"ውሃው በቅቷል" አለችው። "ነጠላህን አሸርጥ።"

ጋቢውን አውርዶ ነጠላውን ወገቡ ላይ ሊያሸርጥ ሞከረ። ቋጠሮው አልያዝ አለው። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ሄጄ ላስርለት ብዬ ተነሣሁ። በሕይወቴ አንዲት ትክክለኛ ነገር ላደርግ ነው ብዬ እርምጃዬን ጀመርኩ።

እግሬ በትራይፖዱ ተያዘ!

የተውሶው ካሜራ ከነሌንሱ በግንባሩ ተደፋ። እኔም አብሬው። የወልድያው ጓደኛዬ፣ ይሄን እያነበብክ ከሆነ ካሜራው ደህና ነው። ስለ ሌንሱ ግን ደውልልኝና በስልክ እንነጋገር።

የሚገርማችሁ፣ የወደቀውን ዕቃ ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም። ያነሣኝ ኪሮስ ነው። ዱላውን ጥሎ መጣና በብብቴ ይዞ አቆመኝ። "ተጎዳህ?" አለኝ። "አልተጎዳሁም" አልኩት፤ ጉልበቴ ግን ተልጧል። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ነጠላውን አሰርኩለት። ስንተያይ ሁለታችንም አፈርን።

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሦስት ሆነን አሳለፍን፤ እሱ፣ እኔና ውብነሽ። እሱ ጠላ ሲቀዳ ጣሳ አያፈስም። እኔ አፈሳለሁ። ለካ ዓመት ዓመት በየሰው ድግስ ካሜራ ይዤ እየቆምኩ ማሳለፍ አልተማርኩም።

እንግዶቹ ሲነሡ የሟች ልጆች ዳሱ አፍ ላይ ተሰልፈው ሰው ያሰናብታሉ። እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ላይ ቆምኩ። እማዬ መጣችና ትከሻዬን ይዛ አንድ ሰው የሚያቆም ያህል ወደ ጎን ገፋችኝ። ኪሮስን ከእኔ በላይ አቆመችው። ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ውብነሽ።

መጀመሪያ የወጡት ቄሱ ናቸው። ለካ ያን ጊዜ "ልጅ አለህ ወይ?" ብለው ከጠየቁት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። የኪሮስን እጅ ይዘው "እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ" አሉት። ከዚያም "እኛም አውቀን ዝም ብለናል፣ ይቅር በለን" አሉት።

ኪሮስ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ጺሙ ሽበት ጀምሮታል። እንደ ሕፃን አለቀሰ። የመጣው ሰው ሁሉ በተራ በተራ እጁን እየያዘ "ያጽናህ፣ ያጽናህ" አለው። የአባቱን ለቅሶ ገና ዛሬ ደረሰ።

እኔም አለቀስኩ። ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ጨምሬ።

"ታዲያ ቪዲዮው የታለ?" ልትሉኝ ነው። አውቃችኋለሁ።

የለም። የተውሶው ካሜራ አፈር ላይ ተደፍቶ የጉንዳን ሰልፍ ሲቀርጽ ነበር። የእኔውን ደግሞ ሜኑ ለመክፈት ብዬ አቁሜዋለሁ፤ መልሼ የሪከርድ ቁልፉን አልተጫንኩም። ኤክስፐርቱ! በዚህ ዕድሜዬ ካየሁት ነገር ሁሉ መቀረጽ የነበረበት ይሄ ስንብት ነው፤ አንዲት ሰከንድ የለኝም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ዳሱን ግማሹን አፍርሰናል። ኪሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገብቶ ተቀምጧል፤ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው። እማዬ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ክረምቱ ቶሎ መውጣቱን ይነግራታል። ስለ አባዬ አንድ ቃል አልተነሣም። ሦስት ልጆች አሉኝ ሲላት ግን ሰማሁ። አጎት ሆኜ ኖሬያለሁ ማለት ነው!

ነገ ወደ ደሃና አብሬው እሄዳለሁ። እማዬ ናት ያዘዘችኝ። "የልጆቹን ፊት አምጣልኝ" አለችኝ።

"የትኛውን ካሜራ ልያዝ?" አልኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው፣ ከአፌ ወጣ።

"ዘመድ የሚያውቀውን" አለችኝ።

የጠየቃችሁኝ መልስ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ የለኝም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቃችሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የዚህ ቤት ታላቅ ልጅ ነበርኩ። ውብነሽን ሳዝዝ፣ ስቆጣ፣ "ዝም በይ፣ ታላቅሽ ነኝ" ስል ነው ያደግኩት። ነገ ያንን ሁሉ መንገድ ከታላቅ ወንድሜ ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። ታናሽ መሆን ከየት እንደሚጀመር የምታውቁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።